ግሪን ካርድ ያለው ልጅ እናቱን ለምን አይወስድም?

ደምበጫና ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ዕጣ፣ ዲቪ፣ የደረሰው ልጅ ተመርቆና ስንቅ ተሰንቆለት ይሸኛል። ብዙም ሳይቆይ ዘመድ አዝማድ "እናትህን መቼ ነው የምትወስዳት?" ማለት ይጀምራል። "አልችልም" ቢል የሚያምነው የለም፤ ጨከነ ይባላል። ልጁ ግን እውነቱን ነው።

ግሪን ካርድ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ እንጂ ዜግነት አይደለም። የያዘው ሰው ለዜጎች ብቻ ከተተዉ ሥራዎች በቀር ያገኘውን ይሠራል፣ ቤት ይገዛል፣ ይነግዳል። ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹም ማመልከት ይችላል። ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድምና ለእኅት ግን አይፈቀድለትም። ለወላጅ የሚያመለክተው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ነው። ዜጋ ለመሆን ደግሞ አብዛኛው ሰው 5 ዓመት፣ ከአሜሪካዊ የትዳር ጓደኛው ጋር የሚኖር 3 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት መቆየት አለበት።

ግዴታውም አለ። አድራሻ ሲቀይር በ10 ቀን ውስጥ ያስታውቃል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ ለውትድርና ጥሪ ይመዘገባል። ቡሬ ያከራየው ቤት ቢኖረው የኪራዩን ገቢ ጭምር ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ያሳውቃል። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ክልክል ነው፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሳያነብ "ዜጋ ነኝ" በሚለው ላይ መፈረም እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚገባ ጫትም እዚያ የተከለከለ ዕፅ ነው። ላኪ ዘመዶች ይህን ቢያውቁ ልጃቸውን ከመዘዝ ያድኑታል።

ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚከብደው የመመለሻው ነገር ነው። እናት ታመመች ተብሎ የመጣ ልጅ አስታሞ፣ ቀብሮ፣ ተዝካር አውጥቶ፣ ሙት ዓመቷንም ልጠብቅ ሊል ይችላል። ከ6 ወር በላይ ከቆየ ለዜግነት የሚታሰብለት ጊዜ ሊቋረጥበት ይችላል፤ አንድ ዓመት ካለፈ ደግሞ ካርዱ ብቻውን አያስገባውም። ስለዚህ ረጅም ቆይታ ያሰበ ሰው ከመነሣቱ በፊት፣ አሜሪካ ሳለ፣ የመመለሻ ፈቃድ ያመልክት። ፈቃዱ እስከ 2 ዓመት ሊሰጥ ይችላል።

የአሜሪካ ዜግነት ሲወስድ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት ስለማይቀበል እናቱን ለመውሰድ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ይለቃል። ይህ በስልክ ተጎትጉቶ የሚወሰን ነገር አይደለም፤ የሚያመነታውን ልጅ ጨካኝ ማለት ግፍ ነው። ዜግነቱን ለለወጠ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ አለለት። በእሱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል፣ ቤትም ያፈራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም።