የጀርባ ሕመም ሁሉ የእርጅና አይደለም

የደም ሕዋሳት የሚመረቱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። መልቲፕል ማይሎማ የተባለው የደም ካንሰር እዚያው ተቀምጦ አካባቢውን ለራሱ እንዲመች አድርጎ ይለውጠዋል። በጤናማ ሰው ላይ አሮጌ አጥንት እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። የካንሰሩ ሕዋሳት ግን በሚያመነጯቸው ኬሚካሎች አጥንት አፍራሽ ሕዋሳትን ያበረታታሉ፣ ገንቢዎቹን ያዳክማሉ። የመቅኔው ጤናማ ሕዋሳትም ለካንሰሩ ማደጊያ የሚሆን ኬሚካል ያቀርቡለታል። በመሆኑም አጥንት ይሳሳል፣ በቀላሉም ይሰበራል፤ ደምም ያንሳል።

ስለዚህ በዕድሜ የገፉ ወላጅዎ የማይለቅ የጀርባ ሕመምና ድካም ካለባቸው «እርጅና ነው» ብለው አይተዉት። እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻም ደጋግመው አይስጧቸው፤ በሽታው የጎዳውን ኩላሊት ይበልጥ ይጎዳልና። ሐኪም ዘንድ ወስደው ደማቸውንና ሽንታቸውን ያስመርምሩ፤ በሽታው በጊዜ ከታወቀ በብዙዎች ላይ ለዓመታት በመድኃኒት መቆጣጠር ይቻላል።