«ተልኳል» ማለት ደርሷል ማለት አይደለም

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ አለ እንበል። ዕቃውን በቴሌግራም ሲያሳይ ቆይቶ አሁን የራሱን ድረ ገጽ ከፍቷል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ «ቅናሽ! እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ» የሚል ዌብ ፑሽ (በብሮውዘር በኩል የሚመጣ ማሳወቂያ) ላከ፤ ኮምፒውተሩም «ተልኳል» አለው። ገዢ ግን ዝር አላለም።

ዌብ ፑሽ እንደ ኤስኤምኤስ ስልክ ቁጥር አይፈልግም። ደንበኛው ገጹ ላይ «ፍቀድ» ሲል ብሮውዘሩ ለዚያ መደብር ብቻ የሚያገለግል አድራሻ ያወጣል፤ እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር መሆኑ ነው። ሣጥኑ የሚገኘው በክሮም ከሆነ ጉግል፣ በፋየርፎክስ ሞዚላ፣ በሳፋሪ አፕል ዘንድ ነው። ዌብ ፑሽ አይፎን ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ያውም ደንበኛው ገጹን በስልኩ መነሻ ስክሪን ላይ ካስቀመጠው ብቻ።

የመደብሩ ሰርቨር መልእክቱን በምስጢር ቆልፎ ለጉግል ሲሰጥ 201 የሚል ቁጥር ይመለስለታል። ይህ «ተረክቤአለሁ» ነው እንጂ «አድርሻለሁ» አይደለም። 410 ከመጣ አድራሻው አይሠራም፤ ደንበኛው ፈቃዱን አንስቶ ይሆናል፣ ከመዝገብ መሰረዝ ነው።

የቀረው የደንበኛው ስልክ ጉዳይ ነው። ጥቅሉ እንዳያልቅበት ዳታ አጥፍቶ የሚውለው ብዙ ነው፤ ባትሪ ቆጣቢውም መልእክት ሊያዘገይ ይችላል። እስኪከፈት መልእክቱ ጉግል ዘንድ ይቆያል። እስከ መቼ? ይህን የሚወስነው ላኪው ነው፤ ብዙ ሻጭ የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። አንዳንድ የመላኪያ ሶፍትዌሮች ካልተነገራቸው 4 ሳምንት ይሰጡታል። ለምሳሌ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር። በዚያን ዕለት የአንድ ቀን ቅናሽ የላከ ሰው ቢኖር፣ መልእክቱ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ገና ትኩስ መስሎ ስልክ ላይ ብቅ ሊል ይችል ነበር። ደንበኛው ሱቅ ድረስ መጥቶ «ቅናሹ የታለ?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

መልእክቱ የሚቆይበት ጊዜ የሚጻፈው በሰከንድ ነው። ለጫማ ነጋዴያችን ስምንት ሰዓት፣ ማለትም 28,800 ይበቃዋል፤ ካለፈ መልእክቱ ይጣላል። «ትእዛዝዎ ተነስቷል» ለሚለው ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜና «አስቸኳይ» የሚል ምልክት ይሰጠዋል።

ፈቃድ የሚጠየቅበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። ገጹን ገና የከፈተ ሰው «አግድ» ካለ ድረ ገጹ መልሶ ሊጠይቀው አይችልም፤ ሰውዬው ራሱ ሴቲንግ ገብቶ ካልቀየረው በቀር። በቴሌብር ከፍሎ ጫማውን የሚጠብቀውን ደንበኛ ግን «ዕቃዎ በባጃጅ ሲነሳ እናሳውቅዎት?» ቢሉት እሺ የሚልበት ምክንያት አለው።