ፍጥነታችንን በደብተራችን እንለካ



ብስክሌት ለሥራ ይጠቅማል። ለመዝናናትም ይጠቅማል። በጀውሃና በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው የይፋት ቆላ ሜዳ ስለሚበዛው ለብስክሌት ይመቻል። ታዲያ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አንድ ቀን እንዲህ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ፈጣን ነኝ ወይስ ዘገምተኛ? ካለፈው ወር ተሻሽያለሁ ወይስ ባለሁበት ነኝ?»

መልሱን የሚሰጠን ቁጥር ነው። ቁጥር ማንበብና መጻፍ ደግሞ አሁን ችለናል።

አማካይ ፍጥነት ምንድን ነው?

ብስክሌት ስንነዳ አንዴ እንፈጥናለን፣ አንዴ እንዘገያለን። የሄድነውን መንገድ በሙሉ ለፈጀብን ጊዜ በሙሉ ስናካፍለው አማካይ ፍጥነታችንን እናገኛለን። አንድ ሰው 30 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ቢሄድ፣ 30 ለ2 ሲካፈል 15 ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው።

ጊዜው በደቂቃ ከሆነስ? ኪሎ ሜትሩን በ60 እናባዛለን። ያገኘነውን ለደቂቃው እናካፍላለን። 10 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ የሄደ ሰው እንዲህ ያሰላል። 10 በ60 ሲባዛ 600። 600 ለ50 ሲካፈል 12። ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው።

አቀበትና ቁልቁለት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና መንገዱ አቀበት ነው። ሲመለሱ ቁልቁለት ነው። አንድ ሰው 15 ኪሎ ሜትር አቀበቱን በሰዓት 10 እየሄደ ወጣ እንበል። 1 ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ሲመለስ በሰዓት 30 እየሄደ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?

«የ10ና የ30 መካከል 20 ነው» እንል ይሆናል። አይደለም! መንገዱ በሙሉ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ጊዜው በሙሉ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ 15 ነው። ለምን? አቀበቱ ላይ የቆየው ረጅም ጊዜ ስለሆነ ነው። ቁልቁለቱ የአቀበቱን ጊዜ አይመልስም።

መንገዱን እንዴት እንለካለን?

የብስክሌቱ ጎማ ራሱ መለኪያ ይሆነናል። ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ጎማውንም መሬቱንም በከሰል እናመልክት። ጎማው አንድ ዙር እስኪዞር ብስክሌቱን እንግፋ። የተጓዘውን በሜትር እንለካ። የብዙ ትልልቅ ብስክሌቶች ጎማ አንድ ዙር 2 ሜትር ያህል ነው። ልክ 2 ሜትር ከሆነ 500 ዙር 1 ኪሎ ሜትር ነው። ጎማው ላይ ጨርቅ እንሰር። አንዱ እየገፋ ይቁጠር፣ ሌላው ይጻፍ። 1 ኪሎ ሜትር የሞላበትን ዛፍ ወይም ድልድይ ካወቅን፣ ሌላ ቀን መቁጠር አያስፈልገንም።

ከማን ጋር እንወዳደር?

ጤነኛ ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ለመዝናናት የሚነዳ ሰው በሜዳ አስፋልት ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ደህና ነው። በአሸዋና በኮረኮንች ወይም ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ይቀንሳል።

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፈለች። በብስክሌት ከተወዳደሩት ልጆቿ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበሩ። ያንን ውድድር ያሸነፈው ኢጣሊያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። 187 ኪሎ ሜትር ከግማሽ የሚበልጠውን መንገድ በ5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ጨረሰ። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፊሊፖ ጋና የተባለ ሌላ ኢጣሊያዊ፣ ለብስክሌት በተሠራ ክብ ሜዳ ላይ በ1 ሰዓት ውስጥ 56 ኪሎ ሜትር ከ792 ሜትር ሄደ። የእኛም ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳዩ ታላቅ የብስክሌት ውድድር ለመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ብስክሌት ነው። እኛ መወዳደር ያለብን ከራሳችን ጋር ነው።

አንድ አባት ተማሪያችን በዚህ ነገር አዝነው ነበር። የሰፈር ወጣት በ30 ደቂቃ የሚጨርሰውን 10 ኪሎ ሜትር እሳቸው በ40 ደቂቃ ነው የሚጨርሱት። ወጣቱ ሳቀባቸው። «ልጆቼ፣ ብስክሌቱን ልሸጠው ነው» አሉን። «እስቲ ጋሼ፣ ደብተርዎን ያምጡ» አልናቸው። በራሳቸው እጅ የጻፉትን አነበቡ። ከሁለት ወር በፊት ያው መንገድ 50 ደቂቃ ፈጅቶባቸው ነበር። ከ12 ወደ 15 ደርሰዋል! ብስክሌቱ አልተሸጠም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት እንንዳ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ደቂቃውንና ነፋስ መኖሩን እንጻፍ። ጎማው በደንብ የተነፋ ይሁን። አንድ ቀን ቢቀንስ አንዘን። የአንድ ወሩን አይተን እንፍረድ።

እንጠንቀቅ

ፍጥነት ከሕይወት አይበልጥም። የቆላ ፀሐይ ኃይለኛ ነው። በጧት እንንዳ፣ ውሃ እንያዝ። ራስ ካዞረን ወይም ካቅለሸለሸን ወዲያው ወርደን ጥላ እንፈልግ፣ ውሃ እንጠጣ። ካልተሻለን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የደሴ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ቀኝ ጠርዝ ይዘን፣ አንድ በአንድ እንሂድ። የመኪና ጀርባ መያዝ ሞት ነው። ደግሞስ ምን ዋጋ አለው? የመኪና ጀርባ ይዞ የሄደ ሰው ደብተሩ ላይ የሚጽፈው የመኪናውን ፍጥነት ነው።

መልመጃ

1. አንድ ሰው 18 ኪሎ ሜትር በ90 ደቂቃ ሄደ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?
2. የጎማው አንድ ዙር 2 ሜትር ነው። 1500 ዙር ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?
3. አንዲት ሴት 8 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ ሄደች። ከወር በኋላ በ32 ደቂቃ ሄደች። ፍጥነቷ ከስንት ወደ ስንት አደገ?

መልስ፦ 1. በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር። 2. 3 ኪሎ ሜትር። 3. ከ12 ወደ 15።