የኡድ ፊት ለምን ይሰነጠቃል?

ብራስልስ በሚገኘው የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1839 ከግብፅ ወደ ቤልጂየም የተሻገረ አንድ ኡድ የተባለ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ አለ። ሙሉ አካላቸውን ይዘው እስከ ዛሬ ከቆዩት ኡዶች መካከል በዕድሜ ከቀዳሚዎቹ የሚመደብ ነው። ነገሩ ትንሽ ግራ ያጋባል። የባግዳዱ ፈላስፋ አል ኪንዲ ስለ ኡድ የጻፈው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ሲሠራና ሲመታ የኖረ መሣሪያ፣ 200 ዓመት ገደማ የሆነው እንዴት አንጋፋ ይባላል? የቀሩት የት ገቡ?

መልሱ ያለው እንጨቱና ሙጫው ላይ ነው። ለማስረዳት ደግሞ ከድሬዳዋ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ኡድ የሚወደድባትም፣ ኡድ የሚጎዳባትም ከተማ ናትና።

ድሬዳዋ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። የየመን ነጋዴዎች ቀድመው ሱቅ ከከፈቱባቸው ከተሞች አንዷም ነች። ከባሕሩ ወዲያ ያለው የሙዚቃ ልማድ ወዲህ ለመዝለቅ ሩቅ አልነበረም። ኡድን ወደ ሶማሌ ዘፈን በማስገባት ስሙ የሚነሣው አብዱላሂ ቀርሼ መሣሪያውን ያወቀው የመን ባለችው ኤደን ላይ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመው አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን ያፈራው ዓሊ ቢራም በጊታሩ ብቻ ሳይሆን በኡዱም ይታወቃል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፎ የተቀበረው እዚያው የትውልድ ከተማው ነው።

ኡድን ከጊታር የሚለየው ትልቁ ነገር አንገቱ ላይ ፍሬት፣ ማለትም የጣትን ቦታ የሚወስን አግድም ዘንግ፣ አለመኖሩ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ክር እንውሰድ። ከአንገቱ ጫፍ 3.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲጫኑት ድምፁ በግማሽ ቶን ይወጣል፤ 6.5 ላይ ሲጫኑት በሙሉ ቶን። የጊታር ፍሬት በነዚህ በሁለቱ መካከል ማረፊያ አይሰጥም። ኡድ ላይ ግን ጣት 5 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ማረፍ ይችላል፤ የዓረብ ሙዚቃ የሚወዳት መካከለኛ ድምፅ ያለችው እዚያ ነው። የምሥራቁ የኦሮሞና የሶማሌ ዜማ ደግሞ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የቆመ በመሆኑ ይህችን ድምፅ እምብዛም አይፈልጋትም። ታዲያ ፍሬት አልባነቱ እዚህ ምን ጠቀመ? ጣት ክሩን ሳትለቅ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ትንሸራተታለች፤ ዘፋኙ ድምፁን ሲያጥፍና ሲያወዛውዝ እግር በእግር ትከተለዋለች። ለሌላ ሙያ የተሠራ አንገት እዚህ ሲደርስ ሌላ ሙያ አገኘ ማለት ነው።

የክሮቹ ቁጥር በየዘመኑ ይለያያል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው መጽሐፉ የካይሮው ኡድ ከበግ ጠቦት አንጀት የተገመዱ 7 ጥንድ ክሮች እንደነበሩት፣ መምቻውም የጥንብ አንሳ ላባ እንደነበር ጽፏል። በዛሬው ኡድ የተለመደው 5 ጥንድና 1 ነጠላ፣ በጠቅላላው 11 ክር ነው። ጥንዶቹ በአንድ ድምፅ ይቃኛሉ፤ ግን የሰው ጆሮና እጅ ቃኝቷቸው ፍጹም እኩል አይሆኑም። ያች ኢምንት ልዩነት ድምፁን ታወፍረዋለች፣ በቀስታም ታርገበግበዋለች።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። ክር ብቻውን ሲርገበገብ አየሩን ብዙም ስለማይገፋ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። አየሩን የሚገፋው ፊቱ ነው፤ ማለትም ክሮቹ በብርኩማ በኩል የታሰሩበት፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት። ከኋላ ያለው ሆድ ከስስ የእንጨት ልጦች ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ ውስጡ የታፈነው አየር በፊቱ ቀዳዳዎች እየወጣና እየገባ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል። ፊቱ በሳሳ ቁጥር ኡዱ ይጮኻል። ነገር ግን የክሮቹ ጠቅላላ ውጥረት ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ይህ ሁሉ ጉተታ ያረፈው ፊቱ ላይ በሙጫ ብቻ በተጣበቀ ብርኩማ ላይ ነው። ሠሪው ጥሩ ድምፅ ሲፈልግ ዕድሜውን እያሳጠረው ነው።

ጉተታውን እንጨቱ ለዓመታት ይችለዋል። የማይችለው የአየር እርጥበት መለዋወጥን ነው። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ከአየሩ ውሃ ይቀበላል፣ ይሰጣል። የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ሲሆን ከደረቅ ክብደቱ 11 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ አየሩ ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ውሃው ወደ 6 በመቶ ይቀንሳል። በዚህ መሐል 36 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኡድ ፊት በጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይኮማተራል። ጉዱ ከሥሩ ነው፤ ፊቱን ደግፈው የያዙት ማገሮች በአግድም የተለጠፉ ናቸው፣ እንጨት ደግሞ በርዝመቱ አይኮማተርም ማለት ይቻላል። ፊቱ ሊጠብ ይላል፣ ማገሩ አልለቅም ይላል፤ በመጨረሻ ፊቱ በርዝመቱ ይሰነጠቃል። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደረቅና ሞቃት ድሬዳዋ ከባሕር ዳርቻ የመጣ ኡድ የሚገጥመው ይኸው ነው። ሙዚየሞች ዓመቱን ሙሉ የክፍሉን እርጥበት በአንድ ልክ ለማቆየት የሚደክሙት፣ የአሮጌ መሣሪያ ክርም እስከ መጨረሻው የማይወጥሩት ለዚህ ነው። ኡዱ ይተርፋል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። እዚያው ጎረቤት ሐረር ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ከጥንት የእጅ ጽሑፎቹ ጋር የድሮ የዜማ ቅጂዎችን መሰብሰቡ ትክክል ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ቤቱ የአባቱ ኡድ የተሰቀለበት ሰው ካለ ከመስኮትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያንሣው፤ ሳጥኑ ውስጥም የጨመቁት እርጥብ ስፖንጅ በተበሳ ዕቃ አድርጎ ያስቀምጥለት። ለወራት የማይመታው ከሆነ ክሩን ያላላ። ፊቱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ከገበያ የተገዛውን ነጭ የአናጢ ሙጫ አያስነካው። የጥንቶቹ ሠሪዎች ከቆዳና ከአጥንት የሚያፈሉት ሙጫ በሙቀትና በውሃ ይለቃል፤ ባለሙያ ፊቱን ሳይጎዳ አንሥቶ፣ ማገሩን ጠግኖ መልሶ ይለጥፈዋል። ነጩ ሙጫ ግን ከደረቀ በኋላ ሲያነሡት አብሮ እንጨቱን ይገሽልጠዋል።