ሰነዱን መጠየቅ መብት ነው

ለአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር መሥመር መሬቱን የለቀቀ ገበሬ፣ ካሳው እንዴት እንደተሰላ የሚያሳየውን ሰነድ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መጠየቁ ልመና ሳይሆን መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመጠየቅና የማግኘት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። «የመንግሥት ሰነድ ምስጢር ነው» የሚሉ አሉ። አዋጁ የግል ሕይወትንና የአገር ደህንነትን የሚነኩ መረጃዎችን በእርግጥ ይጠብቃል፤ መርሁ ግን መስጠት ነው፣ መከልከል ልዩ ሁኔታ ነው። «ማመልከቻ ከሹም ያጣላል» የሚለው ስጋትም ይገባኛል፤ ሆኖም ጥርጣሬን የሚያበረታው ዝምታ ነው፣ ሰነድ ግን ሐቀኛውን ሠራተኛም ከሐሜት ያድናል።

ስለዚህ የሰነዱን ዓይነትና ዓመት ለይተው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ገቢ የተደረገበትን ቅጂ ይያዙ። ከተከለከሉ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይበሉ።