ወደ ላይ የሚፈሰው ንፍጥ፦ የአፍንጫ ፖሊፕ ቀዶ ሕክምና በፊዚክስ ዓይን

ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ እንደማይፈስ ሁላችንም እናውቃለን። በፊታችን አጥንቶች ውስጥ ግን ይህን ደንብ የማያከብር የሚመስል ፈሳሽ አለ። ይህ እንቆቅልሽ እስኪፈታ ድረስ የአፍንጫ ሐኪሞች ለአሥርተ ዓመታት ቀዳዳ ሲያበጁ የኖሩት በማይጠቅም ቦታ ላይ ነበር።

በጉንጭ፣ በግንባርና በዓይኖች መካከል ባሉት አጥንቶች ውስጥ ሳይነስ የሚባሉ አየር የያዙ ክፍተቶች ይገኛሉ። በአገራችን «ሳይነስ አለብኝ» ሲባል ይሰማል፤ ሳይነስ ግን የማናችንም አካል ክፍል እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። በሽታ የሚሆነው የአፍንጫውና የሳይነሱ ስስ ሽፋን ሲቆጣ ነው። ብግነቱ ከ12 ሳምንታት በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ያበጠው ሽፋን እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ያድጋል፤ ፖሊፕ የምንለው ይህንኑ ነው። ፖሊፕ ካንሰር አይደለም። ሆኖም በአንድ ወገን ብቻ የወጣ እብጠት ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በሐኪም መመርመር ይኖርበታል።

ይህን የምጽፈው ከመጻሕፍት ብቻ ተምሬ አይደለም። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ አፍንጫዬ ከመታፈኑም በላይ የቡና ሽታ ከጠፋብኝ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ትንሽ እብጠት ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? በቀጭን ቱቦ ውስጥ በዝግታ የሚጓዝ ፈሳሽ የሚገጥመው ተቃውሞ ከራዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። ስለዚህ ራዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ ተቃውሞው 16 እጥፍ ያድጋል። አፍንጫ ክብ ቱቦ ሳይሆን ጠባብ ስንጥቅ ቢመስልም ትምህርቱ አይለወጥም፤ የስንጥቁ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ተቃውሞው 8 እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ እንመለስ። የጉንጩ ሳይነስ የተፈጥሮ መውጫ የሚገኘው ከወለሉ ሳይሆን ከፍ ብሎ ከላይኛው ክፍሉ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ካልድዌል እ.ኤ.አ. በ1893፣ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሉክ ደግሞ በ1897 ይፋ ባደረጉት የቀዶ ሕክምና ዘዴ፣ ፈሳሹ በስበት ኃይል እንዲወርድ ከታች በኩል አዲስ ቀዳዳ ይበጃል። ሐሳቡ ለማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ ትክክል ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ሕሙማን አልዳኑም።

ምክንያቱን በጉልህ ያሳየው በኦስትሪያ የግራትስ ከተማ ሐኪም የነበረው ዋልተር ሜሰርክሊንገር ነው። የሳይነሱ ሽፋን ሲሊያ በሚባሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል አካላት የተሸፈነ ነው። እነርሱም በሴኮንድ ከአሥር ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ ንፍጡን ወደ ተፈጥሮው መውጫ ይገፉታል። በዚህ መጠን ላይ የሲሊያ ግፊት ከስበት ይበረታል። ስለሆነም ንፍጡ ከታች የተበጀውን ቀዳዳ አልፎ ወደ ላይ፣ ወደ ተዘጋው የቀድሞ በር ይጓዛል። እንግዲያውስ መከፈት ያለበት ያ በር ነው።

ይህን ለማድረግ ግን በጠባቡ መንገድ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። መፍትሔው የመጣው ከፊዚክስ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በኢንዶስኮፕ ቱቦ ውስጥ በነበሩት ትናንሽ ሌንሶች መካከል ያለውን ረጅም የአየር ክፍተት በመስታወት ዘንግ ተካው። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የሚተላለፈው ብርሃን በመስታወቱ የስብረት አሐዝ ካሬ ይባዛል፤ አሐዙ 1.5 ቢሆን ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ዘንጎቹን ለመያዝ ወፍራም መደገፊያ ስለማያስፈልግም ለብርሃኑ ተጨማሪ ቦታ ተገኘ። በዚህ መሣሪያ የታገዘው አዲሱ ቀዶ ሕክምና ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዓለም ተስፋፋ።

ዛሬ በቅድሚያ የሚሰጠው የአፍንጫ ስቴሮይድ መድኃኒትና የጨው ውሃ እጥበት ነው። ይህ ካልበቃ ሐኪሙ በሲቲ ስካን ካጠና በኋላ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ኢንዶስኮፕ እየተመለከተ፣ ፊት ሳይቀደድ በአፍንጫ ቀዳዳ ገብቶ ፖሊፑን ያስወግዳል፤ የተፈጥሮውንም በር ያሰፋል። ከዓይን የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ፣ አንጎልም ቅርብ በመሆኑ ሥራው ከፍተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ቀዶ ሕክምናው ተደርጎልኝ የቡና ሽታ ሲመለስልኝ ተፈወስሁ ብዬ መድኃኒቱን አቋረጥሁ። ዓመት ሳይሞላ ቡናው እንደገና ሽታ አልባ ሆነብኝ። ጥፋቱ የሐኪሙ አልነበረም፤ መንገድ መክፈትና ብግነትን ማጥፋት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያላስተዋልሁት እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የቤልጂየም ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለ12 ዓመታት ከተከታተላቸው 38 ሕሙማን መካከል በ30ዎቹ ላይ ፖሊፕ ተመልሶ ታይቷል፤ 14ቱ እንደገና ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። በዚያው ዓመት ብግነቱን የሚያነሳሱ መልእክቶችን የሚያግደው ዱፒሉማብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ለፖሊፕ ሕክምና ተፈቅዷል።

ይህ ማለት ቀዶ ሕክምናው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የተከፈተው በር አየር ያስገባል፣ ንፍጥ ያስወጣል፤ ከሁሉም በላይ መድኃኒቱ ወደ ሳይነሱ እንዲደርስ ያስችላል። በሩን የሚከፍተው ሐኪሙ ነው፤ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የዕለት ተዕለት ክትትል የሚያደርገው ግን ታማሚው ራሱ ነው።