የባሌ ቡናና ማር ይወጣል፣ ስሙ ግን እዚያው ይቀራል

ከደሎ መና ጀንፈል የጫነ አይሱዙ የሐረናን ደን ሽቅብ ወጥቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ ጎባ ሲገባ ጭነቱ የሚጠራው በአገሩ ስም ነው፤ የሐረና ቡና ይባላል። ሮቤን አልፎ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መጋዘን ሲራገፍና ሲበጠር ግን ስሙ ብዙውን ጊዜ አብሮት አይዘልቅም። የባሌ ቡና ገዥ አጥቶ አያውቅም። ነጋዴውን ዛሬ ሊያሳስበው የሚገባው ቡናው በስሙ ይሸጣል ወይስ ያለ ስሙ የሚለው ነው።

ከደን የሚለቀም

የሐረና ደን በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ተዳፋት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በአገሪቱ ከቀሩት ታላላቅ የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ክፍሉ ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የደሎ መናና የሐረና ቡሉቅ ነዋሪዎች ከዚሁ ለቅመው ይሸጣሉ። መቀመጫውን ጣሊያን ያደረገው ስሎው ፉድ የተባለው ድርጅት ቡናውን ልዩ ድጋፍ ከሚያደርግላቸው ምርቶች ተርታ አስገብቶታል። ፋርም አፍሪካና ኤስኦኤስ ሳህል ኢትዮጵያም ነዋሪው ደኑን በማህበር ተደራጅቶ እየጠበቀ እንዲጠቀም በባሌ ለዓመታት ሠርተዋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ደግሞ ለአካባቢው ስም ተጨማሪ ክብደት ሰጥቶታል።

ይሁን እንጂ ታሪክ ብቻውን ዋጋ አያወጣም። በጥላ ሥር ያለ ቡና ፍሬው በአንድ ጊዜ አይቀላም። ለቃሚው ዝንጀሮም ሌባም እንዳይቀድመው ሲል ቀዩንም አረንጓዴውንም አብሮ ይሸመጥጠዋል። መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ቡና የአፈር ጠረን ይዞ ይመጣና በቅምሻ ጊዜ ይወድቃል። ሰብሳቢው ለቀዩም ለተደባለቀውም አንድ ዋጋ እስከከፈለ ድረስ ገበሬው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ የሚለቅምበት ምክንያት አይኖረውም።

የኪራዩም ነገር አለ። ሁለት ኩንታል ጀንፈል ተፈልፍሎ የሚሰጠው አንድ ኩንታል ገደማ ቡና ነው። ሳይፈለፍል የሚጭን ነጋዴ እንግዲህ የሳነቴን ዳገት ለማስወጣት ከሚከፍለው ኪራይ ግማሹን ለገለባ ከፈለ ማለት ነው።

ሕንዶች እንዴት ሠሩት?

ሕንድ የምርትን መገኛ ስም የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2003 ነው። በዚህ ሕግ ቀድሞ የተመዘገበው የዳርጂሊንግ ሻይ ነበር። የኡታር ፕራዴሽ ክልል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 «አንድ ወረዳ አንድ ምርት» የሚል መርሐ ግብር ጀመረ። ሞራዳባድ በናስ ዕቃው፣ ብሃዶሂ በምንጣፉ ተለይተው ድጋፍ አገኙ።

ለባሌ የሚቀርበው ምሳሌ ግን አራኩ ነው። በአንድራ ፕራዴሽ ተራሮች የሚኖሩ የአራኩ ሸለቆ ገበሬዎች ቡናቸውን በማህበር ሰብስበው በጥራት ከለዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በስማቸው የተሰየመ የቡና መደብር በፓሪስ ተከፈተ። የመገኛ ስም ምዝገባውን ያገኙት በ2019 ነው። ለቀማው፣ ማድረቁና መለየቱ ቀደመ፤ የስሙ ወረቀት ተከተለ።

ኢትዮጵያም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር የተደረገው ክርክር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጭቷል። ባሌ ከሦስቱ ስሞች ውስጥ የለችም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምርት ገበያም ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ ያገበያይ ስለነበር፣ የአንድ ደን ወይም የአንድ ማህበር ቡና ተለይቶ ገዥ ዘንድ መድረሱ አስቸጋሪ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ በኋላ ግን አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚተሳሰሩበት መንገድ እየሰፋ መጥቷል።

ማሩና ስፌቱ

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ብትሆንም ወደ ውጭ የምትልከው ጥቂት ነው። ትልቁ ገዥ ጠጅ ቤት ነው። ጠጅ ጣይ ስለ ሰፈፉም ስለ ጭሱም አይጨነቅም፤ ዋጋውም ጥሩ ነው። በ2000 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ማር እንዲያስገቡ ከፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ገብታለች። የኅብረቱ ደንብ ግን በማር ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ሳይበስል የተቆረጠ፣ ጭስ የጠጣ ማር ይህን ፈተና አያልፍም። እንጀራው በንቦቹ እስኪታሸግ የታገሠና ማሩን አጥርቶ በንጹህ ዕቃ ያስቀመጠ አናቢ ግን ከጠጅ ቤት ሌላ ደጅ ሊያንኳኳ ይችላል።

የእጅ ሥራው መንገድ ጠባብ ነው። ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከወጣች በኋላ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገባበት በር ተዘግቷል። ስፌትና ቅርጫት ለመላክ የሚያስብ ባለሀብት ሊያስቀድም የሚገባው መጠኑና ቀለሙ አንድ ዓይነት የሆነ 200 ቅርጫት በቀጠሮው ቀን ማስረከብ መቻሉን ነው። ያ እስኪሆን ድረስ ወደ ፓርኩ የሚመጣው ጎብኚ የተሻለ ገዥ ነው።

ጊዜው አይጠብቅም

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው አይገባም። የአፈጻጸሙ ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢገፋም፣ ላኪው ቡናው የተለቀመበትን ቦታ በካርታ ማሳየት እንደሚኖርበት የታወቀ ነው። ደኑ ቆሞ ቡና ለሚሰጥበት ለሐረና ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ የደኑ ወሰን የተከለለላቸው ማህበራት ማስረጃው ከሌላው ይቀልላቸዋል። ከየቦታው ሰብስቦ የሚደባልቅ ነጋዴ ግን መልስ ያጥረዋል።

ፉክክሩም በርትቷል። በ2016 ዓ.ም. የጥሬ ቡና ወጪ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ዶላር ለማግኘት ሲል ቡና በኪሳራ ይልክ የነበረ አስመጪ ያንን የሚያደርግበት ምክንያት ሳስቷል፤ ከእንግዲህ ትርፉ ከቡናው ራሱ መምጣት አለበት። የባሌ አቅራቢ ለቀዩ ፍሬ ለይቶ መክፈል፣ በአልጋ ማድረቅና እዚያው መፈልፈል ከቻለ የሐረናን ስም ጅቡቲ ድረስ ማድረስ ይችላል። ገበሬው ከደኑ ቡና የተሻለ ካላገኘ ግን መጥረቢያውን ማንሳቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚሸጥ ስምም አይኖርም።